ፍርድ ቤቱ «እሱ» እና «እሷ» ላይ ፈረደ ያላችሁ ሰዎች፣ ፍርዱን አንብባችኋል?

የሮክቪሉ፦
እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተገላገልን! ሱፕሪም ኮርት የትራንስጀንደር አጠራርን ከትምህርት ቤት አስወጣ» ሲል ሰማሁ። የከበበው ሁሉ «ተመስገን» አለ። ማታ ደግሞ ያው ወሬ በቴሌግራም መጣልኝ። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ከመሃላችን ያነበበ የለም?
ነገሩ ይሄ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ በ2022 ለትንንሽ ልጆች ክፍል ስለ ግብረ ሰዶማውያንና ስለ ትራንስጀንደሮች የሚያወሩ የተረት መጻሕፍት አስገባ። መጀመሪያ ላይ ወላጅ «ልጄ ይውጣልኝ» ማለት ይችል ነበር። በማርች 2023 ቦርዱ ያንን ከለከለ። ሙስሊሞች፣ ካቶሊኮችና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ከሰሱ። እኛም ኦርቶዶክሶቹ ሐበሾች ቦርዱ ደጅ ተሰልፈናል፤ እኔም ነበርኩ። ጁን 27 ቀን 2025 ሱፕሪም ኮርት 6 ለ 3 ለወላጆቹ ፈረደ። ዳኛ አሊቶ የጻፉት፣ ክሱ እስኪያልቅ ድረስ ለወላጅ አስቀድሞ ይነገረው፣ ልጁንም ከዚያ ንባብ ማስወጣት ይችላል ነው። በቃ። አብሮ የሚማረውን ልጅ «እሱ» በሉት «እሷ» በሉት የሚል ነገር የለበትም።

ማሚቱ፦
ጋሼ፣ ፍርዱን አላነበብኩም። መንፈሱ ግን ገብቶኛል። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ክፍሏ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። አምና ሴት ነበረች፣ ዘንድሮ ስሟን ቀይራ «እሱ በሉኝ» አለች። ልጄ በለመደችው ስትጠራት አስተማሪዋ በሰው ፊት አረመቻት። እኔ ማንንም አልሰድብም፣ ማንንም አልጠላም። ግን ልጄ እንድትዋሽ አላስተምርም።

የዲሲ ልጅ፦
«ልጄ እንድትዋሽ አላስተምርም» 😂 ሐበሻ ነን እኮ። ገና ሻወር ውስጥ ሆኖ «ደርሻለሁ፣ ፓርኪንግ እየፈለግኩ ነው» የሚል ሕዝብ።

ማሚቱ፦
እሱ ቀልድ ነው። ይሄ ስለ ሰው ማንነት ነው።

የዲሲ ልጅ፦
እኔም እሱን ነው የምለው። ስለ ሰው ማንነት ከሆነ ከሰውየው በላይ ማን ያውቃል?

ወ/ገብርኤል፦
ፈጣሪው ያውቃል። «ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው»፤ ዘፍጥረት 1፥27። ሦስተኛ የለም። ይሄ ግብረ ሰዶምን በሌላ ስም ማስገባት ነው።

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ቀላቅለሃል። ግብረ ሰዶማዊ ስትል የምታወራው ሰውየው ማንን እንደሚወድ ነው። ትራንስጀንደር ስትል የምታወራው ሰውየው ራሱን ማን ብሎ እንደሚያውቅ ነው። ሴት ተብሎ ተወልዶ ራሱን እንደ ወንድ የሚያውቅ ልጅ ማንን እንደሚያገባ በዚህ አታውቅም። ነርስ ነኝ፣ ሁለቱንም ሳክም ነው የምውለው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀው መዝገብ ይሄን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል።

ወ/ገብርኤል፦
ስብሰባ ተጠርቶ እጅ ሲወጣ ነው በሽታ የሚድነው? ጥሩ፣ ስኳሬንም አቅርቡልኝ።

ሲስተር፦
ስኳርህን ተለካ፣ ቀልዱን ተወው።

ፒያሳ፦
እዚህ መብራት ሲመጣ ገብቼ የማነበው ይሄን ሆነ? እናንተ ሰዎች ምቾት ገድሏችኋል። እኛ ጋ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ፣ ክርክር የለም።

ሲስተር፦
629 የሚለው ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ነው። ስለ ትራንስጀንደር አንድ ቃል የለውም።

ፒያሳ፦
እሺ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ አስረጂልን። ሕጉን በዚህ ጥራት የሚያብራራ ጠፍቶ ነው የተቸገርነው።

የሮክቪሉ፦
ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ማሚቱ፣ ያንቺ ነገር ከመጻሕፍቱ ክስ ጋር አይገናኝም። ያንቺን የሚመስለው ሌላ ክስ ነው። እዚሁ ካውንቲ፣ ተማሪው የመረጠውን ስምና አጠራር ትምህርት ቤቱ ይጠቀማል፣ ለወላጅም ላይነግር ይችላል የሚለውን መመሪያ ተቃውመው የከሰሱ ወላጆች ነበሩ። በኦገስት 2023 የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «የእናንተ ልጆች ትራንስጀንደር ናቸው አላላችሁም፤ ምን ጉዳት ደርሶባችሁ ነው?» ብሎ መለሳቸው። ሱፕሪም ኮርትም በ2024 ጉዳዩን አላየውም አለ። ስለዚህ አጠራር ላይ አሸንፈናል የሚል ሰው ከየት እንዳመጣው ይንገረኝ።

ማሚቱ፦
ከቨርጂንያ! ዌስት ፖይንት የሚባል ከተማ የፈረንሳይኛ አስተማሪው ትራንስጀንደር ተማሪውን «እሱ» አልልም ብሎ በ2018 ተባረረ። የቨርጂንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ክሱ ይቀጥል አለለት። በኋላ 575 ሺህ ዶላር ከፍለው ታረቁት። ምን ትላለህ?

የሮክቪሉ፦
አንደኛ፣ እሱ በቨርጂንያ ሕገ መንግሥት ነው፤ አንቺ ያለሽው ሜሪላንድ። ወንዙን ተሻግረሽ ካልገባሽ አይሠራልሽም። ሁለተኛውን ደግሞ በደንብ አንብቢው። ሰውየው ተማሪው የመረጠውን ስም ይጠራ ነበር! «እሱ» ማለትን ብቻ ነው የዘለለው። አንቺ ስሙንም ውሸት ነው ትያለሽ።

ማሚቱ፦
ስሙንማ እጠራለሁ። ማን አልጠራም አለ? ስም ስም ነው።

የዲሲ ልጅ፦
ቆይ ቆይ። ስሙ የወንድ ስም ነው አይደል? እሱን መጥራት ውሸት አይደለም፣ «እሱ» ማለት ግን ውሸት ነው?

ማሚቱ፦
የኔ ጌታ፣ በእንግሊዝኛ ቀላል ነው። ሰው ፊት ለፊት ስታናግር «ዩ» ብለህ ታልፋለህ። በአማርኛ ግን ና ወይ ነይ ነው፣ ብላ ወይ ብዪ ነው። ማምለጫ የለውም።

ወ/ገብርኤል፦
ቋንቋችን እንኳ እግዚአብሔር በሠራው መንገድ ተሠርቷል።

የዲሲ ልጅ፦
እኔ መፍትሔ አለኝ። አንቱ በሏቸው። እርስዎ፣ እሳቸው፣ ይቀመጡ። አንቱታ ወንድ ሴት አይልም።

ፒያሳ፦
የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ይብሉ እንጂ ጌታዬ»። ጎርሰው ሲጨርሱ ደግሞ እግራቸውን እናጥባለን።

ማሚቱ፦
ለአማቴ እንኳ አንቱታ ሲያመልጠኝ የሚቀየሙኝን እኔ ነኝ የማውቀው፤ አሁን ለልጄ ጓደኛ!

ሲስተር፦
ማሚቱዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሴት ልጅሽን «አንተ፣ ና እስቲ የኔ ጌታ» ብለሻት አታውቂም? እናቴ እስከ ዛሬ ትለኛለች። ወንድሜን ደግሞ ስታቆላምጠው «አንቺ» ነበር የምትለው። ያኔ ሁሉ ስትዋሽ ነበር?

ማሚቱ፦
እሱ ማቆላመጥ ነው። ልጄም ሴት መሆኗን ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። በፍቅር ነው የምለው፣ አስተማሪ አዞኝ አይደለም።

ሲስተር፦
ጥሩ። ውሸት አለመሆኑን ተስማማን ማለት ነው። የጠላሽው መታዘዙን ነው።

ማሚቱ፦
አልተስማማንም። ቃል አታስገቢብኝ።

ወ/ገብርኤል፦
ሲስተር፣ የእናትን ፍቅር ከዚህ ጋር አታወዳድሪ። ነውር ነው።

ነታንያ፦
ከእስራኤል ነኝ። በዕብራይስጥም እንደ አማርኛ ነው፣ ግሡ ራሱ ወንድና ሴት ይለያል። ትራንስጀንደሯ ዘፋኛችን ዳና ኢንተርናሽናል በ1998 ዩሮቪዥን የሚባለውን የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ስታሸንፍ የሃይማኖት ፓርቲዎቹ ተንጫጩ፣ መንገድ ላይ ግን ሰው እየጨፈረ አደረ። «እሷ» ለማለት አገሩ አፉ አልተሳሰረም። አባቴ እስከ ዛሬ አይወዳትም። ሲሰድባት ግን «እሷ» እያለ ነው የሚሰድባት።

የዲሲ ልጅ፦
አባትህ ይመቹኝ 😂

ወ/ገብርኤል፦
ዘፈንና ሃይማኖት ምን አገናኘው?

ነታንያ፦
እሺ ሃይማኖት ካላችሁ፣ ስንክሳር ላይ ያለችው ኢላርያስ? የንጉሥ ዘይኖን ልጅ። የወንድ ልብስ ለብሳ፣ በወንድ ስም ግብጽ ገዳም ገብታ ከመነኮሳት ጋር ኖረች። ጢም ስላልነበራት ጃንደረባ መስላቸው ነበር። እህቷ ታማ ወደ ገዳሙ ስትላክ የፈወሰቻት እሷ ናት። ጥር 21 ታስቧታላችሁ አይደል?

ወ/ገብርኤል፦
ቅድስት ኢላርያን ወደዚህ ጭቃ አታምጣት! ለምንኩስና ብላ ራሷን ሰወረች እንጂ «ወንድ ነኝ» አላለችም። ለአባቷም ማንነቷን ገልጣለች። አንተ ኦርቶዶክስ ነህ? ስለ ስንክሳር ማን ፈቀደልህ?

ነታንያ፦
አያቴ ጎንደር ጎረቤቶቿ ሲያነቡ ሰምታ ነው የነገረችኝ። ለመስማት ፈቃድ ይጠየቃል?

የዲሲ ልጅ፦
የሐዋርያት ሥራ 8ስ? የሕንደኬ ጃንደረባ። ኦሪቱ እንደሱ ያለው ሰው ወደ ጉባኤ አይግባ ይላል። ፊልጶስ ግን እዚያው መንገድ ላይ አጠመቀው። «መጀመሪያ ምንህ እንደጎደለ ንገረኝ» አላለውም።

ወ/ገብርኤል፦
ባኮስን አትንካ! ጃንደረባ ማለት የቤተ መንግሥት ሹም ነው፤ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ ነበር። የሐበሻ ክርስትና የተጀመረበትን ሰው የትራንስጀንደር ጠበቃ አደረጋችሁት! በስመ አብ።

ፒያሳ፦
ባኮስ በሰረገላ እያነበበ ሲሄድ አንድ ነገር ጠየቀ፤ «የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል?» አለ። እናንተ ጋ ሁሉም መሪ ነው፣ የሚያነብ ነው የጠፋው።

የሮክቪሉ፦
ይሄን ነው ከመጀመሪያው ያልኩት።

ማሚቱ፦
ጋሼ አሁን በጣም አይደሰቱ። እኔን የሚያሳስበኝ የኋላው ነው። ዛሬ ስም፣ ነገ መርፌ። የእንግሊዟ ሐኪም ዶክተር ካስ በ2024 ባወጡት ጥናት ስምና አለባበስ መቀየር ራሱ ልጁ ላይ ውጤት ያለው ነገር ነው፣ ዝም ብሎ የሚታይ አይደለም ብለዋል። እንግሊዝም ለልጆች የጉርምስና ማቆሚያ መድኃኒቱን አግዳለች። ቴነሲም ከልክሏል፣ ሱፕሪም ኮርትም በጁን 2025 አጽንቶለታል። እነዚህ ሁሉ ሐበሻ ወሬ ሰምተው ነው?

ሲስተር፦
አይደለም። ይሄኛው ነጥብሽ ጠንካራ ነው። ስለ መድኃኒቱ ሐኪሞችም ይከራከራሉ፣ እኔም ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተቸኩሎ ይሰጥ አልልም። ግን ካስ ያሉት ቤተሰቡ ቶሎ ባለሙያ ያግኝ፣ ልጁን አታዋክቡት ነው። የክፍል ጓደኛው በየቀኑ «ሴት ነሽ» እያለ ያሳድደው አላሉም። ልጅሽ የሰው ልጅ ሐኪም አይደለችም።

ማሚቱ፦
ማን አሳደደ? ባለፈው ለሳይንስ ፕሮጀክት ብሎ ቤቴ መጥቶ፣ አንድ ሳህን ፍርፍር ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ ለእናቱ ድርቆሽ ቋጥሬለት ነው የሄደው። እንደዚህ ነው ማሳደድ?

የዲሲ ልጅ፦
ብሎ። መጥቶ። በልቶ። ቋጥሬለት። 👀

ነታንያ፦
ኡኡኡ

ማሚቱ፦
በር ላይ ልጄ «እማ፣ ጓደኛዬ ነው» አለችኝ። ጸጉሩ አጭር፣ ሆዲ ለብሶ። እኔ ምን አውቄ? ማን እንደሆነች የነገረችኝ ከሄደች በኋላ ነው። ሳያውቁ ማለት ውሸት አይደለም።

ሲስተር፦
ዛሬ ግን አውቀሽ ነው የጻፍሽው።

ማሚቱ፦
ለምዶብኝ ነው።

የዲሲ ልጅ፦
ልጅሽም ስትለምደው አይከብዳትም ማለት ነው።

ማሚቱ፦
አንተ ልጅ፣ እናትህን አገኛታለሁ። ስንት ዓመት አብረን ዕቁብ ጥለናል።

ወ/ገብርኤል፦
እህቴ፣ አትደናገጪ። ዲያብሎስ በምላስ ነው የሚገባው።

ማሚቱ፦
ወንድሜ፣ ቤቴ የገባው ልጅ ነው፣ ዲያብሎስ አይደለም። እሱን አትቀላቅልብኝ። ልጁ ጨዋ ነው።

የዲሲ ልጅ፦
«ልጁ»

ማሚቱ፦
ልጅቷ! ተዉኝ እስቲ!

የሮክቪሉ፦
በነገራችን ላይ፣ አሁን ትምህርት ቤቱ መጻሕፍቱን ከማንበቡ በፊት ለወላጅ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ካውንቲው ወረቀት በአማርኛም ያዘጋጃል። ስንቶቻችሁ ነው ኢሜይል የምትከፍቱት?

ወ/ገብርኤል፦
የአማርኛው ትርጉም አይነበብም። ጉግል ነው የጻፈው የሚመስለው።

የሮክቪሉ፦
እንግሊዝኛውን አንብበዋ።

ወ/ገብርኤል፦
እኔ ልጅ የለኝም።

ፒያሳ፦
😂😂😂

ሲስተር፦
ልጅ የለህም?! ከጠዋት ጀምሮ ማንን ነው ስታስወጣ የዋልከው?

ወ/ገብርኤል፦
የእህቴ ልጆች አሉ። ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሁሉ ልጄ ነው።

ማሚቱ፦
ዲያቆን፣ እሱንስ እኛው እንይዘዋለን። ጋሼ፣ ያ ኢሜይል በየትኛው ስም ነው የሚመጣው? ስፓም ውስጥ ሦስት ሺህ ምናምን ተከምሮብኛል።