ለጤና ጣቢያው ስለ ቆረቆር የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

የኅብረቱ ጸሐፊ፦ የወላጅ መምህር ኅብረታችን ረቂቅ ይህ ነው፦ «የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሙሉ ራሳቸው ይታይ፤ ቆረቆር የተገኘባቸው እስኪድኑ ቤት ይቆዩ፤ የሚቀባ መድኃኒት ይታደላቸው።» እባካችሁ አርሙት።

ነርስ የሆኑ ወላጅ፦ ምርመራውን እደግፋለሁ፤ ሌሎቹን ሁለቱን አጥብቄ እቃወማለሁ። ቆረቆርን የሚያመጣው ፈንገስ ጸጉሩ ውስጥና ሥሩ ድረስ ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አያድንም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው የፈንገስ መድኃኒት በልጁ ክብደት ተለክቶ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ልጁ ይህን ሁሉ ጊዜ ከትምህርት ሊቀር ነው? ሕክምናውን ከጀመረና ራሱን ኬቶኮናዞል በተባለው የፈንገስ መድኃኒት ሻምፑ ከታጠበ ይማር። ራሱ አብጦ መግል የቋጠረ ልጅ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ከዘገየ ጠባሳ ይተዋል፣ ጸጉሩም በዚያ ቦታ ላይመለስ ይችላል።

መምህርት፦ ሲስተር፣ ድመት ያላቸው ወላጆች ድመቷን እናባርር ወይ ብለው ይጠይቁኛል።

ነርስ የሆኑ ወላጅ፦ በአገራችን በብዛት የሚገኘው የቆረቆር ፈንገስ፣ ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም፣ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው። ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ማይክሮስፖረም ካኒስ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ይበዛል። እኛ ማበጠሪያውን፣ መላጫውን፣ ሻሹንና ትራሱን እንይ፤ የልጁ እናትና አያትም ይመርመሩ።

አንድ አባት፦ ልጅ ሲጎረምስ ይለቀዋል ይባላል። ታዲያ እናቱንና አያቱን ማስመርመር ለምን አስፈለገ?

ነርስ የሆኑ ወላጅ፦ አባባሉ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ከጉርምስና ጀምሮ የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ፈንገሱን ይገታዋል። አዋቂ ላይ ሲገኝ ግን ይበልጥ የሚታየው በሴቶች ነው፣ በተለይ የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ። በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችም ይያዛሉ። ምልክት ሳይታይበት ፈንገሱን የተሸከመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ የዳነው ልጅ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ቤተሰቡ አብሮ ይታይ።

ጸጉር አስተካካይ አባል፦ እኛንም ጨምሩን። ማሽኑን ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ስናሻግር በምንና እንዴት እንደምናጸዳው ጤና ጣቢያው ያሠልጥነን። ብዙዎቻችን ፈቃደኞች ነን።

መምህርት፦ ምርመራው በክፍል ፊት አይሁን፤ ልጅን ማሳፈር ነው። ሴቶቹም ሹሩባ ሳይሠሩ ይምጡ፣ ቁስሉ በጉንጉኑ ሥር ይደበቃል።

የኅብረቱ ጸሐፊ፦ አዲሱ ረቂቅ፦ «ምርመራው ለብቻ በተዘጋጀ ክፍል ይካሄድ፤ የሚዋጥ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጥ፤ ሕክምና የጀመረ ልጅ ይማር፤ ቤተሰቡ ይመርመር፤ ጸጉር አስተካካዮች ይሠልጥኑ።» የቀረን የመድኃኒቱ ወጪ ነው። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ከኅብረቱ መዋጮ እንዲሸፈን የምትስማሙ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ።