የደጋ ኔፔንተስ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ፦ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ነፍሳት የሚበላውን፣ ባለ እንስራውን ኔፔንተስ ማሳደግ አምሮኛል፤ የደጋውን ዓይነት። ያነበብኩት ሁሉ ሙቀት ይገድለዋል ይላል። ድሬዳዋ ያለው ወንድሜም አንድ ፈልጓል። አፈሩን፣ ውሃውን፣ መብራቱን ከየት ላምጣ?

መልስ፦ እህቴ፣ በሙቀቱ አትጨነቂ። ያ ምክር ለባንኮክና ለሲንጋፖር ሰው ነው። እዚያ የደጋ ኔፔንተስ ያለው ሰው ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ነው የሚያሳድረው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ግዙፉ ኔፔንተስ ራጃ ቦርንዮ ደሴት፣ ኪናባሉ ተራራ ላይ የሚበቅለው ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። የደጋዎቹ ቀን ከ20 እስከ 28 ዲግሪ፣ ሌሊት ደግሞ ከ10 እስከ 16 ካገኙ ሌላ አይፈልጉም። ይህን የእኛ ከተማ በነጻ ይሰጣል።

የእኛ ጣጣ የበጋው ደረቅ አየር ነው። ከጥቅምት በኋላ የቅጠሉን ጫፍ ልብ ብለሽ እዪው። ከቅጠሉ የሚወርደው፣ እንስራ ሊሆን የነበረው ክር ጫፉ ከስንዴ ፍሬ ሳይበልጥ ይጠቁርና ይደርቃል። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ደህና ነው ብለሽ ትሸወጃለሽ። ስለዚህ ብርሽን እርጥበትና ውሃ ላይ አውጪው።

ለእርጥበት ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚሸጡት ትንሹ ሂዩሚዲፋየር፣ ማለት አየር ማርጠቢያ መሣሪያ ነው። ያምራል፤ ግን የቧንቧ ውሃ ከሞላሽበት ቤቱን ነጭ ብናኝ ያለብሰዋል። ሌላው ለልብስ ማስቀመጫ የሚሸጠው ክዳን ያለው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሳጥን ነው። መርካቶ ሞልቷል። ሥሩ እርጥብ ጠጠር፣ በላዩ የተክሉ ማሰሮ፣ ክዳኑ ገርበብ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ብቻ፣ ውስጡ ይቀቀላል። የእኔ ድምፅ ለሳጥኑ ነው።

ውሃ ላይ ቀልድ የለም። ኔፔንተስ ጨው የበዛበት ውሃ አይወድም። የከተማው ውሃ ደግሞ አንድ አይደለም፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣ አለ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ አለ። የውሃ ማጣሪያ የሚሸጡ ሱቆች ቲዲኤስ፣ ማለት ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዕድን መለኪያ ካላቸው አንድ ያዢ። ከ50 በታች ጥሩ ነው፣ እስከ 100 ይቻላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን ችግር አይፈታም። የታሸገ ውሃ ከገዛሽ ማስታወቂያውን ትተሽ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። አምቦ ውሃ ለጨጓራሽ ይሁንልሽ።

ከሁሉም የሚበልጠው የክረምት ዝናብ ነው። ግቢ ያለው ዘመድ ካለሽ ከአሸንዳው ሥር ጀሪካን አስቀምጪ፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን አጥበው ከሄዱ በኋላ። ጀሪካን ለመግዛት ምናለሽ ተራ ጥሩ ነው፣ ግን ቀድሞ ምን ተይዞበት እንደነበር ሳትጠይቂ እንዳትገዢ።

አፈር? አፈር አይባልም እንጂ። ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) በግማሽ፣ የታጠበ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እና የተሰባበረ ከሰል በግማሽ። ሬድ አሹን የግንባታ ቁሳቁስ ከሚሸጡ ሰዎች በጆንያ ታገኚዋለሽ፤ በወንፊት ንፊው። ኮኮፒቱን ጨው ስለሚይዝ ደጋግመሽ ዘፍዝፊና አፍስሺ። ችግኝ ሻጮች በደግነት ፍግና ጥቁር አፈር ይጨምሩልሻል፤ አመስግነሽ እምቢ በዪ። ዳፕና ዩሪያም አይጠጋው። ይህ ተክል ከድሃ አፈር የመጣ ነው፤ ናይትሮጂኑን ከዝንብ ነው የሚያገኘው። ዝንብ ደግሞ አታጪም። እንግዳ ለማስደነቅ ብለሽ ክትፎ እንዳታጎርሺው፣ እንስራው ይበሰብሳል።

መብራት፣ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ካለሽ አያስፈልግሽም። ከሌለሽ ተራው ነጭ ኤልኢዲ ይበቃል። ለተክል ተብሎ ለሚሸጠው ሐምራዊ መብራት ተጨማሪ ብር አታውጪ። በረንዳ ላይ ከሆነ ችግኝ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበትን የጥላ መረብ ዘርጊ፤ የእኛ የቀትር ፀሐይ አይቻልም።

ተክሉን ራሱን በተመለከተ በራጃ አትጀምሪ፤ ዘገምተኛና ቀበጥ ነው። ቬንትሪኮሳ የሚባለው ዓይነት ወይም ድቅሉ ቬንትራታ ይሻልሻል። በሻንጣ ደብቆ የሚያመጣ ሰው ካገኘሽ ተዪው። ኔፔንተስ በሙሉ በሳይተስ፣ ማለት ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ነው፣ ራጃ ደግሞ በጥብቁ መዝገብ። የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ያለው፣ ከችግኝ ጣቢያ የተባዛ ግዢ። የማስገቢያ ፈቃዱን አስቀድመሽ ግብርና ባለሥልጣን ጠይቂ።

ሌላ መልስ፦ ልጄ፣ በሳጥኑ አልስማማም። ሳሎን ውስጥ ፕላስቲክ ሳጥን ደርድሮ አበባ አለኝ ይባላል? ሂዩሚዲፋየር ግዢ፤ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን ዲስቲልድ የባትሪ ውሃ ሙዪበት፣ ብናኙ ይቀራል። ብቻ ጽሑፉን አንብቢ፤ አጠገቡ አሲድም ይሸጣል።

መልስ፦ ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋስ?

ሌላ መልስ፦ እሱስ እውነት ነው። እንግዲህ ለበጋው ሳጥኑ ይሁን፣ እንግዳ ሲመጣ አውጥታ ታሳያለች።

ጥያቄ፦ ተባረኩ። የወንድሜስ ነገር?

መልስ፦ ድሬዳዋ ሌሊቱ ስለማይበርድ የደጋውን አይሞክር። ቬንትራታ ሙቀት ይችላል፣ እሱን ይያዝ። የቆላዎቹ እነ አምፑላሪያና ራፍለሲያና ደግሞ ጭራሽ ሙቀት ፈላጊ ናቸው። ውሃውን ግን ሳይለካ እንዳያጠጣ።