ጥቆማ፦ ለጥበቃ ሥራ ርግጫው የማያስቸግር ሽጉጥ የትኛው ነው? (ኮምቦልቻ)

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለመጋዘን ጥበቃ ሽጉጥ የሚይዙ ሦስት ሰዎች አሉ። በአዋጅ 1177/2012 መሠረት የፈቃዱ ጉዳይ እየተሟላ ነው። ሁለቱ ክላሽ እንጂ ሽጉጥ አያውቁም፤ አንደኛው እጁ ትንሽ ነው። ማካሮቭና ቶካሬቭ ሽጉጦች፣ 9 በ19 እና 45 የሚባሉ ጥይቶች የሚተኩሱ ሽጉጦችም ተነስተዋል። የምታውቁ ጠቁሙን።

ደሴ፣ ፒያሳ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግን ከጥይቱ ስም አትጀምር። የሚረግጠው ጥይቱና ሽጉጡ አንድ ላይ ነው። የእርሳሱን ክብደት በፍጥነቱ አባዛና ለሽጉጡ ክብደት አካፍል፤ ሽጉጡ በሰከንድ ስንት ሜትር ሆኖ ወደ ኋላ እንደሚመጣ ታገኛለህ። የባሩዱ ጋዝ ይጨምርበታል፣ ለማነጻጸር ግን ይበቃል።

ማካሮቭ 6 ግራም እርሳስ በሰከንድ 315 ሜትር ይተፋል፤ ሽጉጡ 730 ግራም ስለሆነ 2.6 ይወጣል። ቶካሬቭ 5.5 ግራም በ450 ገደማ፣ ሽጉጡ 850 ግራም፦ 2.9። 9 በ19 ጥይት 8 ግራም በ360 ነው፤ 700 ግራም በሆነው ግሎክ 17 ላይ 4.1፣ 900 ግራም በሚጠጋው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ላይ 3.2። ጥይቱ ያው ነው፣ ብረቱ ነው የለየው። 45 በኮልት 1911 ደግሞ 15 ግራም በ255፣ ሽጉጡ 1.1 ኪሎ፦ 3.5። ኮልት ከባድ ስለሆነ ክንድን ይገፋል እንጂ መዳፍን አይመታም።

ይህ ሁሉ በባዶ ሽጉጥ የተሰላ ነው። የግሎኩ 17 ጥይቶች 200 ግራም ገደማ ይጨምራሉ። ካዝናው እያለቀ ሲሄድ ርግጫው የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ማካሮቭ ላይ ግን ያሳስታል። የማካሮቭ አፈሙዝ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥይቱ ሲተኮስ የላይኛውን ብረት (ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን) የሚይዘው የራሱ ክብደትና ሞላው ብቻ ነው። ስለዚህ ብረቱ በኃይል ተመልሶ አካሉን ይመታል፣ መዳፍ ላይ ይቆነጥጣል። በቶካሬቭ፣ በብራውኒንግና በግሎክ አፈሙዙና የላይኛው ብረት ተቆላልፈው ትንሽ አብረው ይሄዱና ከዚያ ይለያያሉ፤ ምቱ ይለዝባል።

ማካሮቭ ላይ ሌላም አለ። መምቻው ወርዶ እያለ የመጀመሪያዋ ጥይት ቃታ ከባድ ነው፣ ከሁለተኛዋ ጀምሮ ይቀላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ወደ ታች ይጥላታል። ልምምዱ ሁለት ሁለት ጥይት ይሁን፦ አንዷ በከባዱ፣ አንዷ በቀላሉ፣ ከዚያ በመጠበቂያው መምቻውን አውርዶ እንደገና።

ቶካሬቭን ለጀማሪ ጥበቃ በፍጹም አልመክርም። የእጅ መጠበቂያ የለውም፣ ያለው የመምቻው ግማሽ ማቆሚያ ብቻ ነው። ድምፁና ነበልባሉ ያስደነግጣል። እርሳሱም ፈጣን ነው፤ የመጋዘን ቆርቆሮ በስቶ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው ይመታል። ትንሿን ባለ 38 ሪቮልቨርም ተዋት፣ ቅለቷ ራሱ ነው እጅ የሚያሳምመው።

ጠያቂ፦ እጁ ትንሽ የሆነውስ?

ደሴ፣ ፒያሳ፦ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጣችሁ ያስይዙት። አፈሙዙ ከክንዱ አጥንት ጋር ቀጥ ብሎ ሳለ የሌባ ጣቱ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ ከደረሰ ይሆነዋል። ለመድረስ አንጓውን ካጣመመ ሽጉጡ ሰፍቶታል። ብራውኒንግ 13 ጥይት ቢይዝም እጀታው ቀጭን ነው። ጉዳቱ መምቻው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለውን ሥጋ መንከሱ ነው።

ኮምቦልቻ፣ ሌላ መልስ፦ ክላሽ የለመደ ሰው ላይ የምታዩት ስህተት ሁለት ነው። ግራ አውራ ጣቱን ከላይኛው ብረት ኋላ ያሳርፋል፤ ብረቱ ሲመለስ ይቆርጠዋል። ሁለቱም አውራ ጣቶች በግራ ጎን ወደፊት ይዘርጉ። ሌላው አንጓን ማላላት ነው፤ በዚህ ጊዜ ቀለሁ ሳይወጣ መውጫው ላይ ተነክሶ ይቀራል፣ ሰውየው ግን ጥይቱን ይወቅሳል።

ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ጥይቱ ወደ ታች ግራ ከወረደ ቃታ ሲስብ እየተሸማቀቀ ነው። ሌላ ሰው ካዝናውን ይሙላለት፦ አራት እውነተኛ፣ ሁለት የማስተማሪያ (የማይተኮስ) ጥይት፣ ተደባልቀው። የማስተማሪያዋ ላይ ሲደርስ አፈሙዙ ወደ መሬት ከጠለቀ ጥፋቱ የርግጫው አይደለም፣ የፍርሃቱ ነው። በ5 ሜትር ይጀምሩ፣ ሲረጉ ወደ 10። በቀን ከ50 ጥይት አይለፉ፤ የደከመ እጅ መሸማቀቅን ይማራል። ቦታው ፖሊስ የፈቀደው ይሁን።

ደሴ ላይ የሌሊት ተረኛ ለሆናችሁ፣ የደነዘዘ ጣት ቃታ አይሰማውም። እጅ ይሙቅ፣ ወፍራም ጓንት ግን አይሁን።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ ግዢ ላይ «9 ነው» ሲሏችሁ «9 በስንት?» በሉ። የማካሮቩ 9 በ18 እርሳስ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ9 በ19ኙ 9.01፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ከሆነ ካፕሱሉ (ባሩዱን የሚለኩሰው) አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ዘይት ብቻውን አያነሳውም። በዚያው ቀን አፈሙዙን በፈላ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት። ክረምት ላይ ካደረ ጠዋት ዝገቱን ታገኙታላችሁ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ለሁለቱ 9 በ19 ሙሉ መጠን ያለውን፣ ለትንሽ እጁ ብራውኒንግና ማካሮቭ አስይዘን በአንጓው ልኬት እንወስናለን። ቶካሬቭ ወጥቷል።