የአሜሪካ ባለ 5 ሳንቲሟ በርካሽ ብረት ትሠራ ወይስ ትቅር?

ጠያቂው፦ አሜሪካ በኖቬምበር 2025 ለግብይት የምትውለውን የመጨረሻዋን ፔኒ፣ ማለትም ባለ 1 ሳንቲሟን፣ ፊላደልፊያ ላይ አትማ አቆመች። በ2024 የበጀት ዓመት አንዷ ፔኒ 3.69 ሳንቲም ታስወጣ ነበር። ባለ 5ቷ ግን ትብሳለች፤ በዚያው ዓመት 13.78 ሳንቲም ፈጅታለች። ሦስት እጁ መዳብ፣ አንድ እጁ ኒክል ነው። ፔኒ ስትቀር የካሽ ሒሳብ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ወደ ቅርቡ 5 ሳንቲም ስለሚጠጋ እሷ ይበልጥ ትፈለጋለች፤ ኪሳራውም አብሮ ያድጋል። ካናዳ ከ2000 ጀምሮ የራሷን ባለ 5 ኒክል በተለበጠ ብረት ትሠራለች። እዚህ አሜሪካም እንደዚያው ይሁን ባይ ነኝ።

ባለማሽኑ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የለስላሳ መሸጫ ማሽን ከፍተህ እይ። ማሽኑ የሳንቲሙን ሥዕል አያይም። ሳንቲሙ ሲንከባለል ስፋቱንና ውፍረቱን ይለካል፣ በማግኔት ደግሞ ከምን እንደተሠራ ይለያል። የብረት ሳንቲም ስትከትበት ሐሰተኛ ነው ብሎ ይተፋዋል። እየዞረ የሚያስተካክለውን ቴክኒሻን የምከፍለው እኔ ነኝ። መንግሥት ቆጠብኩ የሚለው ከእኔ ኪስ ወጥቶ ነው።

ካሸሯ፦ የሚሠራበትን ማዕድን መቀየር መፍትሔ ቢሆን ፔኒ በዳነች። በ1982 ከመዳብ ወደ ዚንክ ቀይረው ላይዋን ብቻ መዳብ ለበጧት። ከ2006 ጀምሮ ግን ከዋጋዋ በላይ ማስወጣት ጀመረች። የማተሚያው፣ የሠራተኛው፣ የማጓጓዣው ወጪ የትም አይሄድም። ባለ 5ቷም ትቅር፤ ሒሳብ ወደ 10 ይጠጋ።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ (ዋሽንግተን አጠገብ ያለች ከተማ)፦ ልጄ፣ በካርድ ለሚከፍል ይጠጋ ማለት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ሳንቲም ሲጠፋ ባለሱቁ መልሳችንን በማስቲካ ይሰጠን ነበር፤ ማስቲካ አልፈልግም ያለ ባዶ እጁን ይሄዳል። ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል እንዲጠጋ የሚያስገድድ ሕግ ሳይወጣ ሳንቲም አይነካ። ካሽ ብቻ የሚይዘው ድሃው ነው።

ባለማሽኑ፦ እማማ ልክ ብለዋል። ሌላም መንገድ አለ፤ መዳቡን ወደ 80 በመቶ ከፍ፣ ኒክሉን ወደ 20 ዝቅ ማድረግ። ሳንቲም የሚያትመው መሥሪያ ቤት ሞክሮታል። ማሽን ከአሮጌው አይለየውም።

ጠያቂው፦ እሱማ የሚቆጥበው ጥቂት ነው፤ ከማዕድኑ ወጪ ዋናው መዳቡ አይደል እንዴ? እንግሊዝ በ2012 ባለ 5 እና ባለ 10 ፔንሷን ወደ ብረት ስትለውጥ ማሽኖቹ ተስተካክለው ሥራቸውን ቀጥለዋል። ቀኑ አስቀድሞ ይነገር፣ ለእንዳንተ ዓይነቱ ትንሽ ነጋዴ የማስተካከያው ወጪ ከሚቆጠበው ላይ ይከፈለው። ያለዚያ እኔም አልደግፈውም።