የእህቴ ልጅና ከፎስተር ኬር የወጣ ልጅ አፕል ሄልዝ እንዴት ያገኛሉ? (ዋሺንግተን ስቴት)

ሬንተን_እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጉዳይ አለኝ። የእህቴ ልጅ 6 ዓመቷ ነው፤ እናቷ አገር ቤት ናት፣ የምታድገው እኛ ጋ ነው። የአሳዳጊነት ወረቀት ገና አልወጣም፣ ግሪን ካርድም የላትም። አፕል ሄልዝ (የዋሺንግተን ሜዲኬድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ሽፋን) አመልክቼላት «ገቢያችሁ ከወሰኑ ያልፋል» የሚል ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛው የምናውቀው የ19 ዓመት ልጅ ነው። ኦሪገን ስቴት በፎስተር ኬር (መንግሥት ልጆችን ከወላጆቻቸው ውጭ በሌላ ቤት በሚያሳድግበት) አድጎ፣ በ2024 18 ሲሞላው ወጥቶ እዚህ መጣ። መጋዘን መሥራት ሲጀምር በገቢው ምክንያት ሜዲኬዱ ተዘጋ። ምን ይደረጋል?

ፎርም_ረዳት፦
እህቴ፣ የሕፃኗ ችግር አሞላሉ ላይ ይመስለኛል። ዝምድና በሚለው ቦታ «ልጄ» ተብሎ ከሆነ፣ ሲስተሙ የእርስዎንና የባለቤትዎን ደመወዝ ደምሮባታል። ወላጇ ካልሆነ ዘመድ ጋ የምትኖር ልጅ የአሳዳጊዋ ገቢ አይቆጠርባትም፤ በታክስ ዲፔንደንት (በእናንተ ሥር የምትደገፍ) ብታደርጓትም እንኳ። የሚታየው የራሷ ገቢ ነው፣ እሱም ዜሮ።

ዋሺንግተን ሄልዝፕላንፋይንደር (የማመልከቻው ድረ ገጽ) ገብተው ዝምድናውን «የእህት ልጅ» ብለው ያስተካክሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሌላት ቦታውን ባዶ ይተዉት፤ የሌላ ሰው ቁጥር በፍጹም እንዳያስገቡ። የአሳዳጊነት ወረቀቱን አይጠብቁ፤ ልጅቷን የሚንከባከብ አዋቂ ማመልከት ይችላል። በስልክ ከሆነ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ነጻ ነው። ደግመው ከከለከሏት ደብዳቤው በወጣ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበሉ።

ሕግ_ተከታታይ፦
ግሪን ካርድ ስለሌላት አትከለከልም። በ2007 ገዥ ክሪስቲን ግሪጎር የፈረሙት የስቴቱ ሕግ ከ19 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ምንም ይሁን ምን እንዲሸፈኑ አድርጓል። ገቢው ከፌዴራል የድህነት መስመር (መንግሥት በቤተሰብ ብዛት ከሚያወጣው የገቢ መለኪያ) 215 በመቶ ያልበለጠ ልጅ ምንም አይከፍልም። ከዚያ በላይ እስከ 317 በመቶ በወር 20 ወይም 30 ዶላር አለ፤ ልጆቹ ብዙ ቢሆኑም ከሁለት ልጅ በላይ አይከፈልም።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። በ2025 የፌዴራሉ መንግሥት ዋሺንግተንን ጨምሮ የጥቂት ስቴቶችን የሜዲኬድ መረጃ ለኢሚግሬሽን ክፍል አሳልፎ ሰጥቷል፤ ስቴቶችም ከስሰዋል። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ነጻ አገልግሎት የሚሰጥ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ልጅቷ ታማ ከሆነ ግን ሕክምናዋ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

የሲያትል_ነርስ፦
ሲፈቀድላት በስሟ ካርድ በፖስታ ይመጣል፤ «ፕሮቫይደርዋን» የሚል ጽሑፍ ያለው፣ ቁጥሩ 9 አሃዝ ሆኖ በመጨረሻ ደብሊው-ኤ (WA) የሚል ፊደል ያለበት። ክሊኒኩ የሚጠይቀው ያንን ቁጥር ነው። ካርዱ ሳይደርስ ቁጥሩን በስልክ ጠይቀሽ ያዢው፣ ብዙ ቀጠሮ የሚሰረዘው በዚህ ነው። መነጽርና ጥርስ ይሸፈናል። በሐኪም ቤት ሌላ ልጅ እንዲያስተረጉም አትፍቀጂ፣ ክሊኒኩ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

የ19 ዓመቱ ልጅ ግን ኦሪገን ነው ያደገው ብለሻል። ከፎስተር ኬር ለወጡ የሚሰጠው ሽፋን ላደገበት ስቴት ብቻ አይደለም እንዴ?

ሶሻል_ወርከር፦
ያ ድሮ ነበር፤ አሁንም ቢሮ ውስጥ እንደዚያው የሚመልሱ አሉ። በፌዴራል ሕግ ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው ሰው፣ በፎስተር ኬርና በሜዲኬድ ሥር ሆኖ ከወጣ፣ በየትኛውም ስቴት ቢኖር እስከ 26ኛ ዓመቱ ይሸፈናል። ይህ ልጅ በ2024 ስለሞላው ይገባዋል።

ይህ ሽፋን የገቢ ወሰን የለውም። የተዘጋበት ምክንያት ማመልከቻው ላይ «18 ዓመት ሲሞላህ ፎስተር ኬር ውስጥ ነበርክ?» የሚለው ሳይመለስ ቀርቶ ወይም «አይ» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ተራ አዋቂ ሆኖ ይመዘገባል፤ የአዋቂ ወሰን ከድህነት መስመሩ 138 በመቶ ስለሆነ ደመወዙ ያስወጣዋል። ድጋሚ ያመልክት፣ «አዎ» ይበል፣ ስቴቱን ኦሪገን ብሎ ይጻፍ። አሁኑኑ ቢስተካከል ሌላም ጥቅም አለው፦ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ከአዋቂዎች በወር 80 ሰዓት ሥራ የሚጠይቀው ሕግ ከፎስተር የወጡትን አይመለከትም፤ በአዋቂ ምድብ ከተቀመጠ ግን የሥራ ሰዓቱን የሚጠይቀው ደብዳቤ ለእሱም ሊደርሰው ይችላል።

ሬንተን_እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማስረጃ ቢጠይቁትስ? ምንም ወረቀት የለውም።

ሶሻል_ወርከር፦
ቢያንስ 6 ወር በፎስተር ኬር ቆይቶ በዕድሜ ለሚወጣ ልጅ የልደት ሰርተፊኬት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የሕክምና መዝገብና ፎስተር ውስጥ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት መሰጠት አለበት። ካልተሰጠው የኦሪገን ሂዩማን ሰርቪስስ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ክፍል ጋ ደውሎ፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን የያዘ ደብዳቤ ይጠይቅ። ቀን የሌለበትን አይቀበል፣ ይመልሱበታል። ያልተከፈለ የሐኪም ቢል ካለው ደግሞ አሁን ሲያመለክት ያለፈውን 3 ወር ሽፋን አብሮ ይጠይቅ፤ ከጃንዋሪ 2027 ወደ 2 ወር ይወርዳል።