«ቀሰሜ አለቀ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ አክስቴ ያደገችው ባሕር ዳር ነው። እንግዳ ሸኝታ፣ ረከቦቱን አነሣሥታ ስትቀመጥ «በቃ፣ ቀሰሜ አለቀ» ትላለች። «ንብ አበባ ቀሰመች» ከሚለው የመጣ መስሎኝ ነበር፤ ግን አልገጥም አለኝ። የምታውቁ ብታስረዱኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቃሉን ሳይ እናቴ ፊቴ ድቅን አለች። ከንቡ ጋር አያገናኙት። ቀሰም ማግ የሚጠነጠንባት አጭር የሸምበቆ ቁራጭ ናት። ሸማኔው መወርወሪያው ሆድ ውስጥ ይከታትና በድሩ መሃል ወዲያና ወዲህ ይወረውራታል። ማጉ ሲያልቅ ሌላ ቀሰም እስኪገባ ሥራው ቀጥ ይላል። ስለዚህ ነገሩ «ደከመኝ» ብቻ አይደለም፤ እስክሞላ ድረስ ተዉኝ ማለትም ነው።

እናቴ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠርታ ነው ያሳደገችን። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመ ነው፤ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫም የተሠራው ለእሱ ተብሎ ነው። እዚያ ሸምበቆ አልነበረም፣ ክሩ የሚጠነጠነው በእንጨት ላይ ነበር። እሷ ግን የሸማኔ ልጅ ናትና ያንንም ቀሰም ነበር የምትለው። ተሰንጥቆ የተጣለ አንድ አምጥታልን ነበር፤ ክር ሲመላለስበት ኖሮ ጫፉ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያብረቀርቃል። ከሥራ ስትመለስ ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። የመሸመኛው ጩኸት ስለለመደባት እቤትም ጮክ ብላ ነበር የምታወራው፤ ጎረቤት የተቆጣች ይመስለው ነበር።

ሌላ መልስ፦ «ፈረቃ»ንም ጨምሩበት። ፈረቀ ማለት ለሁለት ከፈለ ነው፤ ቀኑ ለሦስት ሲከፈል እንኳ ስሙ አልተለወጠም። አባቴ አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር። «ሌሊት ነው የገባው» ከተባለ ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ እናወራለን፣ አክንባሎው እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚከደነው። ልጆቼ ግን ፈረቃ ስላቸው መብራት የሚጠፋበት ቀን ነው የሚመጣባቸው። የአባታቸውን አባት እንቅልፍ ያስጠበቀ ቃል መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ደውዬ ጠየቅኳት። ለካ አክስቴም ከማግባቷ በፊት እዚያው ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ፣ ክር በሚጠነጠንበት ማዳወሪያ ክፍል ሠርታለች። እስከ ዛሬ አልነገረችንም።