የለምለም ቅጠል ጠረን ያለው ሽቶ ለማን ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ከ«ጠረን ፈላጊ»

ሰላም ለሁላችሁ። ላቬንደር፣ ሮዝመሪና ናና ጎልተው የሚሸቱበት ሽቶ ቤት ውስጥ ቀምሜ ስጦታ ልሰጥ አስቤያለሁ። ተቀባይዋ ረጋ ያለች፣ ብዙ የማትናገር፣ ሥራዋን በጥንቃቄ የምትሠራ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰዎች ጋር በአንድ ክፍል የምትውል ሴት ናት። ጣፋጭና ከባድ ሽቶ ራሷን ያማታል። እንዲህ ያለው ጠረን ለባሕርይዋ ይሄዳል ወይስ «የወንድ ሽቶ» ይሆንባታል? መጠኑስ እንዴት ይመዘናል? የቅጠል ሽቶዎች ወዲያው የሚጠፉትስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከ«ቀማሚው»

«የወንድ» በሚለው ልጀምር። ቅጠሉ ራሱ ጾታ የለውም። ላቬንደርን ከወንድ ጋር ያያያዘው የመላጫ ሳሙናና የፀጉር ቤት ልማድ ነው። በ1882 ቀማሚው ፖል ፓርኬ ለፈረንሳዩ ሽቶ ቤት ለኡቢጋን «ፉዤር ሮያል» የተባለውን ሽቶ ሲቀምም ላቬንደርንና ኩማሪንን (ድርቆሽ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ያለው ውሕድ) አጣመረ፤ በዚያ መንገድ የተሠሩት ሽቶዎች በኋላ በብዛት ለወንዶች ተሸጡ። በ1889 የወጣው የጌርላን ሽቶ ቤት «ዢኪ» ግን ላቬንደር እያለበት ሴቶችም ወንዶችም ተቀብተውታል። ስለዚህ ይህ ሊያሳስብዎ አይገባም። ቅመሙን ወደ መላጫ ሳሙና የሚጎትተው ላቬንደር ከኩማሪንና ከኦክሞስ (የዛፍ ሽበት ሽታ) ጋር ሲገናኝ ነው፤ ሁለቱን መተው ብቻ ይበቃል።

ባሕርይን በተመለከተ፣ ሽቶ የሰውን ጠባይ አይናገርም፤ የሚመጥነው ሰውየው በቦታው ላይ የሚኖርበትን ሁኔታ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ፦ ጠረኑ ምን ያህል ርቆ ይሰማል? አካሄዱስ ፈጣን ነው ወይስ ዝግ ያለ? ናናና ሮዝመሪ የሚያይሉበት ቅመም ወዲያው ያስተጋባል፣ ቶሎም ይለወጣል፤ ለተንቀሳቃሽ፣ ንግግሩ ፈጠን ላለ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ መቀባት ለማይታክተው ሰው ይሄዳል። ላቬንደርና ክላሪ ሴጅ (የቅጠል ዓይነት) መሃሉን ሲይዙ፣ ከሥር ደግሞ ሴዳር (የእንጨት ዘይት) እና ትንሽ ቬቲቨር (የሣር ሥር ዘይት) ሲኖር፣ ጠረኑ ክንድ በሚያህል ርቀት ውስጥ ይቀራል፤ የሚሰማው የቀረበ ሰው ብቻ ነው። ለገለጹልን ሴት የምመርጠው ይህንን ነው፤ ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ለሚውል ሰው ከዚህ የተሻለ አይታየኝም።

መልስ፦ ከ«ሚዛን በእጄ»

እኔ ወደ መጠኑ ልግባ። በጠብታ አይቁጠሩ፤ የቬቲቨር ጠብታና የቤርጋሞት (ሎሚ መሰል ፍሬ) ጠብታ ክብደታቸው አይገናኝም። እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። ለ30 ግራም ሽቶ፣ 12 በመቶ ቅመም (የተናኝ ዘይቶች ድብልቅ) ይዞ፦

ቤርጋሞት 0.90 ግራም፣ ናና 0.08፣ ሮዝመሪ 0.30፣ ላቬንደር 0.90፣ ክላሪ ሴጅ 0.40፣ ሴዳር 0.70፣ ቬቲቨር 0.22፣ ፓቹሊ (አፈር አፈር የሚሸት የቅጠል ዘይት) 0.10። ድምሩ 3.60 ግራም ነው፤ ቀሪው 26.40 ግራም 96 በመቶ ኤታኖል ነው።

እያንዳንዱ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ። ቤርጋሞቱ የግድ ቤርጋፕቴን (ቆዳን ለፀሐይ የሚያጋልጥ ንጥረ ነገር) የወጣለት ይሁን፤ ያልወጣለት ቆዳ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ላቬንደሩ ላቫንዲን (የተዳቀለ የላቬንደር ዓይነት) እንዳይሆን መለያውን ያንብቡ፤ ላቫንዲን ካምፎር ስለሚበዛበት ሽቶውን ወደ መድኃኒት ይወስደዋል። ሮዝመሪም ከተጻፈው ካለፈ በውስጡ ያሉት ሲኒዮልና ካምፎር የጡንቻ ማሻሻ ቅባት ያስመስሉታል። ናና ሲበዛ ደግሞ ሽታው የጥርስ ሳሙና ነው። 0.08 ግራም ለሚዛኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ 1 ግራም ናና በ9 ግራም ኤታኖል ያሟሙ፤ ከዚያ 0.80 ግራም ይመዝኑ፣ በዋናው ኤታኖል ላይም 0.72 ይቀንሱ (25.68 ይሆናል)።

አጨማመሩ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ነው፦ ቬቲቨር፣ ፓቹሊ፣ ሴዳር፣ ከዚያ የመሃሎቹ (ክላሪ ሴጅ፣ ላቬንደርና ሮዝመሪ)፣ ቤርጋሞትና ናና መጨረሻ። ቬቲቨሩ ወፍራም ስለሆነ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያቁሙት። የተቀላቀለው ቅመም 1 ሳምንት ይረፍ፣ ኤታኖሉ ይጨመርበት፣ ከዚያ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፤ ያኔ አሽትቶ መፍረድ አይገባም። ደለል ካለ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው እንደቀዘቀዘ በወረቀት ማጣሪያ ያጥሩት።

70 በመቶ የእጅ ማጽጃ አልኮል አይሆንም። ውኃው ዘይቱን ስለሚያስወጣው ይደፈርሳል፣ የማጽጃው ሽታም አይለቅም። ትኩስ ቅጠል አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍም እንደዚያው ነው፤ ቅጠል አብዛኛው ውኃ፣ ተናኝ ዘይቱ ጥቂት በመሆኑ የሚገኘው ድርቆሽ ድርቆሽ የሚሸት፣ ልብስ የሚያቀልም አረንጓዴ ፈሳሽ ነው።

መልስ፦ ከ«ወረቀትና ቆዳ»

ቀመሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ራሷን የሚያማት ሰው ስለሆነች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ራስ ምታት የሚያስነሳው ጣፋጭ ሽቶ ብቻ አይደለም፤ የሲኒዮልና የካምፎር ሽታም ያስነሳል። ሮዝመሪውን በ0.15 ይጀምሩ፣ የጎደለውን ላቬንደር ላይ ይጨምሩ፣ ጠርሙሱን ከመስጠትዎ በፊትም በወረቀት አስነክተው ያሽትቷት። የሚጥል በሽታ ካለባት ሮዝመሪው ጨርሶ ይውጣ። ከዚያ በክርን ውስጥ ትንሽ ቀብታ 48 ሰዓት ትጠብቅ፤ ካሳከካት ወይም ከቀላ ይቅር።

ለምን ወዲያው እንደሚጠፋ፦ የቅጠልና የሎሚ ዓይነት ፍሬዎች ጠረን የተሠራው ከቀላል፣ ቶሎ ከሚተኑ ሞለኪውሎች ነው። ያ ትኩስነት የሚሰማው ስለሚተን ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ልናስቀረው አንችልም። ማድረግ የሚቻለው ሽታ የሌለው ሎሽን ቀብቶ ከላይ መርጨት ነው፤ ደረቅ ቆዳ ሽቶን ቶሎ ይለቃል። ልብስ ላይም ረዘም ይላል፤ ፓቹሊውና ቬቲቨሩ ግን ነጭ ጨርቅ ሊያበላሹ ይችላሉ። ደግሞም ብዙ ጊዜ የጠፋ የሚመስለው ሽቶው ጠፍቶ ሳይሆን የተቀባው ሰው አፍንጫ ስለለመደው ነው። ደጋግሞ ከመርጨት በፊት ከውጭ የገባ ሰው መጠየቅ ይሻላል፤ በጋራ ክፍል ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ላቬንደርና ቤርጋሞት ውስጥ ያሉት ሊናሉልና ሊሞኔን የተባሉ ውሕዶች አየር ሲያገኛቸው ይበላሻሉ፣ የተበላሸው ደግሞ ቆዳን ያስቆጣል። ግማሽ ጎደሎ ጠርሙስ ውስጥ አያቆዩት። ልኩ በሆነ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ቀኑን ይጻፉበት።

ጠረን ፈላጊ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲቆይ ሴዳሩን ወደ 1.50 ባሳድገውስ?

ሚዛን በእጄ፦

አይመከርም። ሴዳሩ ላቬንደሩን ይውጠውና የሚሸተው የእርሳስ ቅርፊት ይሆናል፤ ቅጠሉም ይሞታል። ዕድሜ ለመጨመር ከተፈለገ በኤታኖል 10 በመቶ የተሟሟ አምብሮክሳን (በላቦራቶሪ የሚሠራ የሽቶ ማቆያ) 0.30 ግራም ይጨምሩ፤ ራሱ ብዙም ሳይሰማ ሌላውን ይይዛል። ሙከራውን በወረቀት አድርጉትና በ10 ደቂቃ፣ በ1 ሰዓትና በ4 ሰዓት አሽትቱ። በ4ኛው ሰዓት እንጨቱ ብቻ ቢቀር ትክክል ነው። በ1ኛው ሰዓት ላቬንደሩ የማይሰማ ከሆነ ግን ሴዳሩን በ0.15 ቀንሰው ላቬንደሩን በዚያው ልክ ይጨምሩ።